«አዎ» ያልተጻፈባቸው ሦስት ቦታዎች

«አፌን የለጎምሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። ሱቁ መሃል ቆማ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ የመጣችበት አቧራ ከቅንድቧ ሳይራገፍ፣ ሁለት ደንበኞች እየሰሙ ነው እንዲህ ያለችኝ። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥረኛ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ናት። የሁለታችንም ወላጆች በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው አንድ መንደር የሰፈሩ ናቸው። እኔ ትምህርቴን ስጨርስ ጋምቤላ ከተማ ገብቼ ቪዲዮ ቤት ተቀጠርኩ፣ እሷ እዚያው በቆሎው መሃል ቀረች።

«ምን አደረግሁሽ?» አልኳት።

«እንዳልመለስኩ አድርገሽ ጻፍሽኝ። ሦስት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ሦስቱንም መለስኩ። ወረቀቱ ላይ ጥያቄው አለ፣ መልሱ የለም። ‹ስትጠየቅ ዝም ያለች› ብለው ጣሉኝ።»

«እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። ኮምፒውተሩ ነው የጻፈው።»

እውነቴን ነበር። የባሰውም እሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የምሠራበት ቤት ገበያው ጀርባ ነው። ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን፣ ጉርድ ፎቶ እናነሳለን፣ የሠርግ ቪዲዮ እንቆርጣለን፣ ፍላሽ ላይ ፊልም እንጭናለን። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሌላ ሥራ መጣ፤ ሰብታይትል። እዚህ አገር አንድ ስብሰባ ሲቀረጽ አንዱ በአኝዋክኛ፣ ሌላው በኑዌርኛ፣ ሦስተኛው በአማርኛ ይናገራል፤ ቪዲዮውን ቁጭ ብሎ የሚያየው ኃላፊ ግን ሁሉንም አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይሠራለታል። ፋይሉ ውስጥ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ ይታይ የሚል ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ሥር ጽሑፉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። በሁለት ሰከንድ ከተንሸራተተ ግን የአንዱ ሰውዬ ንግግር በሌላው አፍ ሥር ይወጣል። አንዴ እንዲያ ሆኖብኝ አንድ ሽማግሌ እየሳቁ ከሥራቸው የልጅ ሞት ሲነበብ አይቻለሁ።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም። ኢንተርኔት ሲኖር ከኢንተርኔት፣ ሳይኖር ደግሞ በመሳሳት ተማርኩት።

ያን ሰሞን ሥራ ያመጣው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። የውሃ ፓምፕ ጥገና የሚማሩ ወጣቶችን ከየወረዳው መርጦ ለስድስት ወር ወደ ጅማ ሊልክ ነው። ተወዳዳሪዎቹን በየቋንቋቸው እየጠየቀ በስልክ ቀርጿቸዋል። ሃያ ስድስት ቪዲዮ። አስተባባሪው ሰኞ ጠዋት በፍላሽ አመጣና «ለዓርብ» አለ።

ጓደኛዬ ከሃያ ስድስቱ አንዷ እንደሆነች አውቅ ነበር። የመንደራችን ፓምፕ እስከ ዛሬ ውሃ የሚሰጠው በእሷ እጅ ነው፤ ውስጡ ያለው ጎማ ሲበላ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጣ ትተካለታለች። ማንም አላሳያትም፤ ፈታታ አየችው። ከመቀረጿ በፊት ደውላ «ይሄ ካልሆነልኝ ዲማ ነው» ብላኛለች። ታላቅ እህቷ ለወርቅ ቆፋሪዎች ወጥ ልትሠራ ዲማ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ለበዓል ስትመጣ እጇ ብቻ ሳይሆን ንግግሯም ሻክሮ ነው የምትመጣው፤ ከሁለት ቀን በላይም አትቀመጥም። ዲማ ስትለኝ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ የምናውቀው እኔና ቬንትሌተሩ ነን። ቪዲዮዎቹ በሦስት ዓይነት ስልክ የተቀረጹ ናቸው። ገሚሱ በጎኑ ተኝቷል። ገሚሱን ፕሮግራማችን አልከፍትም ይላል፤ መጀመሪያ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር አለበት። ሲቀየር ሰማንያ፣ ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና በመቶ ይደርስና መብራት ይሄዳል። እንደገና ከዜሮ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደግሞ ሱቁ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጆሮ አይሰማም። ፊደሉስ? እኔ ማሽን ላይ «ውሃ» ብዬ የጻፍኩት እነሱ ማሽን ላይ ሁለት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አስተባባሪው ይደውላል፤ «እህቴ፣ የላክሽው ሳጥን ብቻ ነው።» ሳጥን! ላፕቶፑን ወስጄ ባሮ ውስጥ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አኝዋክኛና ኑዌርኛ የተናገሩትን ቪዲዮዎች እንደ እንቁላል ነው የያዝኳቸው። አስተርጓሚዎቹ አጠገቤ ተቀመጡ፤ አንዷ ከተማው ውስጥ የምታስተምር ናት፣ ሌላው ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ሲሠራ ውሎ በባጃጅ የሚመጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ እየመለስን ሰማን። «እንዲህ ነው ያለው?» እላለሁ። «አይ፣ እንደሱ አላለም፣ መልሺው» ይሉኛል። ሰው ሲስቅ እንኳ «ይስቃል» ብለን ጻፍን። ቋንቋውን ስለማላውቅ ፈራሁ፤ ስለፈራሁ ተጠነቀቅሁ።

አማርኛ የተናገሩት ዘጠኝ ነበሩ። እነሱን ለአዲሱ ፕሮግራም ሰጠሁት። ቪዲዮውን ትሰጪዋለሽ፣ ድምፁን ራሱ ያዳምጣል፣ ራሱ ይጽፋል፣ ሰከንዱንም ራሱ ይሞላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከፍቼ አየሁ፤ ሁለቱም ወንዶች ነበሩ። ጥቂት ፊደል አረምኩ፣ ተደነቅሁ። የቀሩትን ሰባት ሳልከፍት አስረከብኩ። የራሴ ቋንቋ ነው፣ ምን ያመልጠኛል አልኩ። የጓደኛዬ ፊት ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ቪዲዮዎች መሃል በትንሹ ይታያል፤ አይቼዋለሁ። የእሷን ለይቼ ብከፍት ለጓደኛዋ አዳላች እባላለሁ ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት ያዘኝ በዚያ ቀን፣ በሌላ ቀን የማላውቀው።

ሰብታይትል ከቪዲዮው ጋር የሚታይ ነገር ነው። ፊቱን እያየሽ ታነቢዋለሽ። መሥሪያ ቤቱ ግን ጽሑፉን ለብቻው አትሞት ኖሯል። በየተወዳዳሪው ፎልደር ወረቀት አስገብቶ፣ ኮሚቴው ከወረቀቱ ላይ ነጥብ ሰጠ። ለተመረጡት ስልክ መደወል ሲጀመር ለጓደኛዬ አልተደወለም። ተነስታ መጥታ ስትጠይቅ ጸሐፊዋ አዘነችላትና ፎልደሩን ከፍታ አሳየቻት። ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ።

«ነይ፣ ቁጭ በይ» አልኳት። አልተቀመጠችም። ቪዲዮውን ከፈትኩት።

ኒም ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ስለ ፓምፑ ሲጠይቋት ጥሩ አድርጋ ታወራለች፤ የትኛው ብሎን ቀድሞ እንደሚፈታ ሳይቀር። ይህን ፕሮግራሙ አንድም ሳያስቀር ጽፎታል። ወደ መጨረሻው ላይ፣ ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰውዬ በወፍራም ድምፁ ሦስቱን ጥያቄዎች አከታተለ።

«ቤተሰቦችሽ ፈቅደውልሻል?»

ጓደኛዬ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች።

«ስድስት ወር ከቤት ርቀሽ መቆየት ትችያለሽ?»

አሁንም ሳብ።

«ስትጨርሺ ወረዳሽ ተመልሰሽ ለመሥራት ትስማሚያለሽ?»

ሳብ። ይቺኛዋ እንዲያውም ረዘም ያለች ናት።

የእኛ ሰው ሆኖ ይህን አይቶ ምን እንዳለች የማይገባው የለም። አዎ ነው ያለችው። ሦስት ጊዜ፣ ከልቧ። ወደ ውስጥ የሚሳብ ትንፋሽ ግን ድምፅ አይባልም፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ድምፅ ያልሰማበትን ቦታ ዝምታ ብሎ ይዘለዋል። የድምፁን መስመር አጉልቼ አየሁት። የሰውዬው ጥያቄ ወደ ላይ ተቆልሏል፤ ከአጠገቡ የእሷ ትንፋሽ እንደ ፀጉር ቀጥናለች። ወረቀቱ ላይ ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ከዚያ «እናመሰግናለን»።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ሳላውቅ በእሷ ጀመርኩ።

«አፍሽን ከፍተሽ አዎ ብትይ ምን ነበረበት?»

«አዎ ብያለሁ!»

«በድምፅ!»

«የአባቴ እኩያ ነው የጠየቀኝ። ምን ላድርግ፣ ማሳ ላይ እንደሚጣራ ሰው ልጩህበት? አንቺ ከተማ ገብተሽ ነው የተበላሸሽው።»

ፍላሻቸው እስኪሞላላቸው ከሚጠብቁት ደንበኞች አንዱ ሳቁ አመለጠው። «ቆይ ቆይ» አለ። «እኔ ሳገባ ፓስተሩ ‹ታገባታለህ ወይ?› ሲለኝ እንዲችው ነበር ያልኩት። በዚህ ማሽን ከሆነ እስከ ዛሬ አላገባሁም ማለት ነዋ!»

«ሂድና ለሚስትህ ንገራት» አለው ሌላው።

ጓደኛዬ አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም።

ሦስቱን መስመሮች ከነሰከንዳቸው ለማስገባት ስምንት ደቂቃ ፈጀብኝ። ስምንት ደቂቃ! ከዚያ ያልከፈትኳቸውን ሌሎች ስድስት ቪዲዮዎች አንድ በአንድ አዳመጥኳቸው። ወንዶቹ ሁሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አዎ» ብለዋል። ሁለት ሴቶች ላይ ያው ክፍተት አለ። የእነሱንም ሞላሁና ፍላሹን ይዤ፣ ጓደኛዬን አስከትዬ ባጃጅ ያዝኩ።

እሷ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቀረች፤ «አንቺ ግቢ፣ እኔ ከገባሁ አለቅሳለሁ» አለችኝ።

አስተባባሪው የከተማው ተወላጅ ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ለዚህም ይሆናል ከእኔ አጥርቶ የሚናገረው፣ አንድ ቃል አይውጥም። በዕድሜ ብዙ አይበልጠኝም፤ ቢሮው ስለሆነ ግን አንቱ እለዋለሁ።

«የተባለው ይጻፋል፣ ያልተባለው አይጻፍም» አለኝ። «ትንፋሽ ደግሞ አልተባለም።»

«ተብሏል። ይኸው፣ ይመልከቱ።»

አየው። ሁለት ጊዜ አስደግሞ አየው።

«እህቴ፣ እኔ አማርኛን ከመጽሐፍ ነው የተማርኩት። እንዲህ የሚባል ቃል አላጋጠመኝም።»

«ኮሚቴው ውስጥ አማርኛ አፍ የፈታ ሰው የለም?»

«አለ። ሁለት ሰው።»

«ቪዲዮውን አይተውታል?»

የብዕሩን ክዳን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ወረቀቱን ብቻ ነው ያዩት ማለት ነው?»

ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

ከጀርባው ያለችው ጸሐፊ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ምን?» አለ።

«አሁን ምን አሉኝ?»

«ምንም አላል...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ዞር ብሎ ጸሐፊዋን አያት። እሷ ደግሞ ወረቀት የምትፈልግ መሰለች። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም። ስክሪኑ ላይ ወደ ቆመው የጓደኛዬ ፊት ተመለሰ።

«ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ነገር ግን የተዘጋ ምዘና በቃል አይከፈትም። ስህተቱ የሱቁ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ፤ በማኅተም። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ሰኞ ዝርዝሩ ይለጠፋል።»

ማኅተም። ሰው አፉን ከፍቶ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብሎ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ማኅተም!

የሱቁ ባለቤት ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት። ጋሼ ነው የምላቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ካሜራ መያዝ ያስተማሩኝ፣ በገባሁ በወሩ የሱቁን ቁልፍ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ከጓደኛዬ ጋር ሱቅ ተመልሰን ነገሩን ስነግራቸው ግን ከወንበራቸው ተነሱ።

«ማኅተሜን በገዛ ራሴ ላይ ልምታ?»

«ጋሼ፣ ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ የማን ነሽ? ሱቁስ የማን ነው? በሚቀጥለው ወር የየወረዳው ስብሰባ ቪዲዮ እዚህ ሊመጣ ነው። ሳያዳምጡ ይሠራሉ ከተባለ ነገውኑ ሌላ ቤት ይወስዱታል።»

«ሳላዳምጥ ነው የሠራሁት።»

«ታዲያ ለምን ትለፈልፊዋለሽ? መሣሪያው ነው የተሳሳተው በያቸው።»

«መሣሪያው ማኅተም የለውማ።»

«አቤት ምላስ!» አሉ። በሩ ላይ የቆመችውን ጓደኛዬን አዩዋት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አዝናለሁ ለእሷ። ስንቱ ዲማ ሄዷል፤ ሄዶም ያልፍለታል። እኔ ግን ይህን ቤት ያቆምኩት በሃያ ዓመት ነው።»

«እንግዲያው በራሴ ስም እጽፈዋለሁ።»

«በራስሽ ስም ጽፈሽ ከሄድሽ፣ እዚህ ቤት ሠራተኛ ሆነሽ አትመለሺ።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ማተሚያቸውን እንዳልነካ ብዬ ከፎቶ ኮፒው ሥር አንድ ነጭ ወረቀት መዘዝኩና በእጄ ጻፍኩ። የመጀመሪያውን አበላሽቼ ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ፣ አማርኛ የተናገሩትን የሰባት ተወዳዳሪዎች ቪዲዮ ሳላዳምጥ እንዳስረከብኩ፣ በዚህ ምክንያት ሦስት ሴቶች የሰጡት መልስ ሳይጻፍ እንደቀረ፣ ስህተቱ የእኔ የሠራተኛዋ እንጂ የተወዳዳሪዎቹ እንዳልሆነ ገለጽኩ። ጓደኛዬ ከትከሻዬ በላይ ታነባለች።

«‹ሳላዳምጥ› የሚለውን ተይው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሰው ይታዘብሻል።»

«እሱን ከተውኩት ምን ቀረ?»

ፈረምኩበት። ስፈርም ጋሼ የቆየ ደረሰኝ የሚያገላብጡ መስለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

አስተባባሪው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ እዚያ ይኖር ይመስል።

«ማኅተም የለውም» አለ።

«ፊርማ አለው።»

«የሱቁ ባለቤት ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። አልፈለጉም።»

ስልኩን አንስቶ ደወለላቸው። የጋሼ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፣ ንዴቱ ነው የሚለየው። «እሺ... እሺ... ገብቶኛል» አለና ዘጋው። ደብዳቤዬን እንደገና አነበበ። «ሳላዳምጥ» የሚለው ጋ ጣቱ ሲቆም አየሁ፤ አንገቴን የማስገባበት አጣሁ። ከዚያ ኅዳጉ ላይ «ሦስቱ ተወዳዳሪዎች በቪዲዮ እንደገና ይታዩ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ተቀብሎ ራሱ መታበት።

«ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው እዚሁ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ድምፁን ከፍቶ» አለኝ። «ይመረጣሉ አላልኩም። ቃል የምገባልሽ ማየቱን ብቻ ነው።»

ጓደኛዬ ከግቢው ውጭ ማንጎ ጥላ ሥር ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

«ሰኞ እንደገና ያዩሻል» አልኳት።

«ቢጥሉኝስ?»

«ያኔ ሰምተው ይጥሉሻል።»

«አንቺ ሰው ማጽናናት የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም» አለች፤ ግን ክንዴን ያዘችኝ። ወደ መንደራችን የሚሄደው የመጨረሻው አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ ነበር። ጎማው ላይ ረግጣ ወጣችና ከላይ ሆና ጮኸችብኝ፤ «አንቺስ አሁን የት ልትሄጂ ነው?»

«ዕቃዬን ላወጣ!»

ሱቁ ስደርስ ጋሼ የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ አልተነሱም። ስክሪኑ ላይ ከሰዓት በፊት የጀመርኩት የስብሰባ ቪዲዮ እየተቀየረ ነው፤ አርባ በመቶ ይላል።

«ይሄንንስ ማን ሊጨርሰው ነው?» አሉኝ በአገጫቸው እያሳዩ።

«እስከ መቶ ድረስ አይንኩት። የኑዌርኛው አስተርጓሚ ሥራውን ጨርሶ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጀዊ ይመጣል። አብረውት ቁጭ ይበሉ፤ የተጠራጠረውን ያስደግሙት። አማርኛውንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጡት።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ?»

«ጆሮዎ ደኅና ነው።»

ቁጥሩ አርባ አንድ ሆነ። የሱቁን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ኢርፎኔን ነቀልኩ፤ እሱ የራሴ ነው። ገመዱን ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።